ያቺ ፊርማ አባቴን ከማሽን ጋር አቆራኝታቸው ይሆን?

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ61 ዓመቱ አባቴ የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም እንጂ የኩላሊት ችግር አለብዎት ተብለው አያውቁም። ከሦስት ሳምንት በፊት ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው። ‹ይተወኛል› እያሉ አምስት ቀን ተኙ፤ የጉልበታቸውን ማስታገሻ ግን አንድም ቀን አላጓደሉም። በስድስተኛው ቀን ሽንታቸው ጠፋ፣ ፊታቸው አበጠ፣ ንግግራቸው ተምታታ። ሆስፒታል ስናደርሳቸው ክሬያቲኒናቸው 9.2፣ ፖታሲየማቸው 7.1 ሆኖ ተገኘ። እዚያ የእጥበት ማሽን ስላልነበረ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተላክን። እኩለ ሌሊት ላይ ሐኪሙ የፈቃድ ወረቀት ሲያቀርቡልኝ አጎቴ ‹አንዴ ከተገባበት መውጫ የለውም፤ እስኪነጋ እንታገሥ› ብለው ተቆጡ። እኔ ፈረምኩ። እስከ ዛሬ ስድስት ጊዜ ታጥበዋል። ነቅተዋል፣ ያወራሉ፣ ምግብም ጀምረዋል፤ ሽንታቸው ግን በቀን ከአንድ ብርጭቆ አይዘልም። አጎቴ አኩርፈውኛል። ዘመድ ከጀርባዬ ‹አባቷን ከማሽን ጋር አሰረቻቸው› ይላል። እውነት ጥፋተኛ ነኝ? እጥበቱስ የሚቆምበት ቀን ይኖረው ይሆን?

እንቅልፍ ያጣሁት ልጅ»

ልጄ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ለማንበብ አቅም ባይኖርሽ ይችን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ተኚ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእጥበት ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንቺ በቆምሽበት ቦታ የቆሙ ልጆችን፣ ሚስቶችንና ወንድሞችን ብዙ አይቻለሁ። የምነግርሽ ነገር የሐኪሞቻችሁን ቃል አይተካም፤ የአባትሽን ካርድ ያዩት እነሱ ናቸው። ነገር ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ እሱን ካነበብኩ በኋላ ስለ ፊርማሽ ማመንታት አልቻልኩም።

ቁጥሩ 9.2 አይደለም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ክሬያቲኒንን ነው፤ በየአልጋው ዳር የሚወራውም እሱ ነው። ክሬያቲኒን ግን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ምን ያህል ሥራ እንዳቆመ ይናገራል እንጂ እሱ ራሱ ልብ አያቆምም። ክሬያቲኒኑ ከ9 በላይ ሆኖ በእግሩ ወደ ክፍላችን የገባ ሰው አስተናግጃለሁ። ደብዳቤሽን እያነበብኩ ያስደነገጠኝ 7.1 ነው።

ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል አካባቢ ነው። አብዛኛው የሰውነት ፖታሲየም የሚኖረው በሴሎች ውስጥ ሲሆን፣ ልብ በሥርዓት የምትመታው ውስጥ ባለውና ውጭ ባለው መካከል ያለው ልዩነት ተጠብቆ ሲቆይ ነው። ኩላሊት ትርፉን ማስወጣት ሲያቆም ልዩነቱ ይጠባል፤ የልብ ምት ይዘበራረቃል፣ በመጨረሻም ልብ ልትቆም ትችላለች። የፖታሲየም ክፋቱ ድምፅ የለውም። አያተኩስም፣ አይቆርጥም። በሽተኛው «ትንሽ ደከመኝ» እያለ ሲያወራ ቆይቶ በዚያው ሊቀር ይችላል። አጎትሽ «እስኪነጋ» ያሉት ጊዜ ለአባትሽ ልብ በጣም ረጅም ጊዜ ነበር።

«መድኃኒት አልነበረም ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁሽ አውቃለሁ። አለ፤ ምናልባትም የመጀመሪያው ሆስፒታል ሰጥቷቸው ይሆናል። ካልሲየም በደም ሥር ሲሰጥ ልብን በደቂቃዎች ውስጥ ይጋርዳታል፤ ፖታሲየሙን ግን አይቀንሰውም፣ ጋሻነቱም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይሻገርም። ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሲሰጥ ደግሞ ፖታሲየሙን ወደ ሴሎች ውስጥ ይገፋዋል። ይኸኛው ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ከዚያ የተገፋው ተመልሶ ይወጣል። ጎርፍ የገባበትን ቤት ውሃ ከሳሎን እየቀዱ ጓዳ ውስጥ እንደ መድፋት ነው። ቤቱ አልደረቀም። ፖታሲየም ከሰውነት የሚወጣበት ዋናው በር ሽንት ነው፤ የአባትሽ ሽንት ደግሞ ጠፍቷል። በሆድ ዕቃ በኩል የሚያስወጡ መድኃኒቶች ቢኖሩም ለእንደዚያ ያለ ሌሊት አዝጋሚ ናቸው። የቀረው ማሽኑ ነበር።

ንግግራቸው መምታታቱም በራሱ ሌላ ምልክት ነው። ቆሻሻው አንጎል ሲነካ፣ ወይም ውሃው ሳንባ ውስጥ ገብቶ መተንፈስ ሲከለክል፣ ወይም ደም በአሲድ ሲመረዝና በመድኃኒት አልመለስ ሲል ሐኪሞች ቀጠሮ አይሰጡም፤ በዚያው ሌሊት ያስገባሉ።

አሁን ወደ አጎትሽ ልምጣ። በሳቸው ላይ ልፈርድ አልፈልግም፤ ምክንያቱም የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች «ኩላሊት» በሚል አንድ ስም መጠራታቸው ነው። አንደኛው በስኳር፣ በደም ግፊት ወይም በሌላ ምክንያት ለዓመታት ቀስ በቀስ የሚጨርስ ነው። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ካሉት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች የሞተው ይሞታል፤ አይመለስም። እንዲህ ያለው ሰው እጥበት ከጀመረ ንቅለ ተከላ ካላገኘ በስተቀር በሳምንት ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት ሰዓት ያህል እየታጠበ ይኖራል። አጎትሽ ያዩትና የፈሩት ይህንን ነው፤ ያዩትም ልክ ነው።

ሁለተኛው በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ የሚጎዱት የማጣሪያዎቹን ቀጫጭን ቱቦዎች ከውስጥ የሚሸፍኑት ሴሎች ናቸው። ደም ሲያጥራቸው ወይም ሲመረዙ ይረግፋሉ፤ መሠረቱ ካልፈረሰ ግን በቦታቸው አዳዲስ ሴሎች ይበቅላሉ። ለዚህ ቀናት ወይም ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ማሽኑ በዚህ መካከል ሥራውን ተክቶ ይሠራል እንጂ ኩላሊቱን አያክምም፣ አይገድልምም። «እጥበት ኩላሊትን ያሰንፋል» የሚባለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አሳድዶኛል።

እንዲያውም ማሽኑ መጀመሪያ የተሠራው ለአባትሽ ዓይነት ሰው ነው። ዊለም ኮልፍ የሚባል ወጣት የኔዘርላንድስ ሐኪም ሀገሩ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ዘመን ካምፐን በምትባል ከተማ ከእንጨት የተሠራ ከበሮ ላይ የቋሊማ መጠቅለያ የሆነ ሴሎፌን ጠምጥሞ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1943 ጀምሮ ሞከረው፤ በመጀመሪያ የታከሙት ሰዎች አብዛኞቹ አልዳኑም። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ኩላሊታቸው ድንገት ቆሞ ራሳቸውን ስተው መጡ። 11 ሰዓት ያህል ታጥበው ነቁ፤ ኩላሊታቸው ተመለሰ፣ ለዓመታትም ኖረው በሌላ ምክንያት ሞቱ። ለዕድሜ ልክ የሚታጠብ ሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያትል ውስጥ ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ ቱቦ ካበጀ ወዲህ። ስለዚህ ለአጎትሽ መንገር ትችያለሽ፦ ገብቶ መውጣት ከመቅረት ይቀድማል።

«እንታገሥ» ማለታቸውም ሞኝነት አይደለም። ሐኪሞችም በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ በተለያዩ አገሮች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ 3000 ያህል ሰዎችን የያዘ ጥናት ቶሎ ማጠብንና አስገዳጅ ምልክት እስኪመጣ መጠበቅን አነጻጽሮ ነበር። በሞት በኩል ልዩነት አልተገኘም። ከተጠበቁት ውስጥ ከሦስት አንዱ የሚበልጡት ማሽኑ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ቀድመው በመሞታቸው፣ ሌሎቹ ኩላሊታቸው በራሱ በመመለሱ። ቶሎ ከታጠቡት መካከል ደግሞ ከሦስት ወር በኋላም እጥበት ላይ የቆዩት በዛ ብለው ተገኙ። ስለዚህ ክሬያቲኒን ከፍ ስላለ ብቻ መሮጥ አያስፈልግም፤ እስከዚህ ድረስ ከአጎትሽ ጋር ነኝ። ነገር ግን እንደ አባትሽ ፖታሲየማቸው የናረባቸውን ሰዎች ያ ጥናት መጀመሪያውኑ አላካተተም። የመጠበቅ ክርክር ለእነሱ አይሠራምና።

ኩላሊታቸው ለምን ቆመ? ይህንን ሳታውቁ ከሆስፒታል እንዳትወጡ። ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ የሚያልፈው በኩላሊት ነው። በተቅማጥና በትውከት ሰውነት ሲደርቅ ደሙ ይቀንሳል፤ ኩላሊትም ወደ ማጣሪያዎቹ የሚገባውን የደም ሥር በራሱ ኬሚካሎች አስፍቶ ለመቋቋም ይሞክራል። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና የእነሱ ቤተሰብ የሆኑ ማስታገሻዎች የሚያግዱት እነዚያን ኬሚካሎች ነው። ጉልበቱን ያስታገሰው ክኒን በውሃ ጥሙ ጊዜ የኩላሊቱን በር ዘጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ የደም ግፊት መድኃኒታቸው እንደ ኤናላፕሪል ያለ ወይም ሽንት የሚያበዛ ከነበረ ሦስቱ ገጥመዋል። ክኒኖቹ ለየብቻቸው ለብዙ ሰው ጠቃሚ ናቸው፤ ሰውነት በደረቀበት ሳምንት ግን አብረው ሲዋጡ እንዲህ ያደርጋሉ። የመድኃኒቶቹን ባዶ እሽጎች ሁሉ ሰብስበሽ ለሐኪሙ አሳዪያቸው፤ ቤት ውስጥ የወሰዱት ባህላዊ መድኃኒት ካለም ሳትደብቂ ተናገሪ። ማንም አይቆጣሽም፤ ቢቆጣም ይቆጣ።

አንድ ሌላ ጥያቄ፦ የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ ተነሥተዋል? በ61 ዓመት ወንድ ላይ ያበጠ ፕሮስቴት የሽንት መውጫውን ዘግቶ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ይህ ከሆነ በሽንት ቱቦ የሚገባ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በደቂቃዎች ውስጥ መንገዱን ይከፍታል። ሳይታይ አይቀርም፤ ቢሆንም ጠይቂ።

«የሚቆምበት ቀን አለው?» ላልሽው ቀኑን ልነግርሽ አልችልም፤ ምልክቶቹን ግን ልነግርሽ እችላለሁ። የመጀመሪያው ሽንት ነው። በ24 ሰዓት ከ400 ሚሊሊትር በታች ሲሆን አነስተኛ ይባላል፤ አባትሽ አሁን ያሉት እዚያ ነው። በብርጭቆ መገመት ይቅር፤ መስመር ያለው መለኪያ ይዘጋጅ፣ የጠዋቱም የሌሊቱም በሚሊሊትር ይጻፍ። ከ150 ወደ 250፣ ከ250 ወደ 400 መውጣት ሲጀምር ኩላሊቱ እየተመለሰ መሆኑን የሚናገረው ማንም ሰው ሳይሆን ያ ወረቀት ነው። ሁለተኛው ምልክት ክሬያቲኒን ነው፤ ግን ተጠንቀቂ። እጥበት እንዳለቀ የሚወሰደው ቁጥር ማሽኑ ያወረደው ስለሆነ ስለ ኩላሊቱ ምንም አይናገርም። መታየት ያለበት ከሚቀጥለው እጥበት በፊት የሚለካው ነው። በሁለት እጥበቶች መካከል የሚጨምረው ሲያንስ፣ ከዚያ ባለበት ሲቆም፣ ከዚያም ሳይታጠቡ ሲወርድ መውጫው ደርሷል።

አሁን የምነግርሽን ደግሞ አስምሪበት። ከእያንዳንዱ እጥበት በፊት «ዛሬስ ያስፈልጋቸዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ለዘለቄታው የሚታጠብ ሰው ቋሚ ቀን አለው፤ ኩላሊቱ ድንገት የቆመ ሰው ግን እያንዳንዱ እጥበት አዲስ ውሳኔ ሊሆን ይገባዋል። አንድ ጊዜ እኔ በነበርኩበት ክፍል አንድ ሰው በስም ዝርዝሩ ላይ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ተብለው ስለተጻፉ ብቻ በየተራቸው እየገቡ ታጠቡ። ሽንታቸውን የሚለካ አልነበረም። በኋላ አንዲት ተለማማጅ «እኚህ ሰው ለምን ቶሎ ቶሎ መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ?» ብላ ስትጠይቅ ነው ሁላችንም የነቃነው። ሲለካ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ነበር። ከተጠያቂዎቹ አንዷ እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በእጥበት ላይ ሳሉ የደም ግፊታቸው እንዳይወርድ መጠንቀቅም ለመመለሱ ይጠቅማል፤ በማገገም ላይ ያለ ኩላሊት ደም ሲያጥረው እንደገና ይጎዳል። ማዞር፣ ማዛጋት፣ ላብ ወይም የእግር መሸማቀቅ ከጀመራቸው «እስኪያልቅ ልቻለው» እንዳይሉ፤ ወዲያው ለነርሷ ይንገሯት። የሚወጣው የውሃ መጠን ይስተካከላል። አንገታቸው ወይም ብሽሽታቸው ላይ ያለው፣ ደማቸው ወደ ማሽኑ የሚሄድበት ቱቦ ደረቅ ይሁን፤ ውሃ አይንካው፣ ከእጥበት ክፍል ሰው በቀር ማንም አይክፈተው። ብርድ ብርድ ካላቸው ወይም ካተኮሳቸው ቱቦው በኢንፌክሽን ተይዞ ሊሆን ስለሚችል እስከ ማግሥቱ አይቆዩ። ለዘለቄታው የሚሆነውን የክንድ ፊስቱላ (ለእጥበት መርፌ እንዲመች በቀዶ ጥገና የሚገናኙ የደም ሥሮች) አሁኑኑ ለመሥራት መቻኮል ያለ አይመስለኝም፤ ኩላሊቱ ገና አልተናገረም። የማይሠሩበትን ክንድ የደም ሥሮች ግን ከመርፌ ጠብቁላቸው፤ ምናልባት ቢያስፈልግ።

ሽንቱ ሲመለስ አንዳንዴ ይትረፈረፋል፤ በቀን ሦስት አራት ሊትር ሊደርስ ይችላል። ቤተሰብ በደስታ ይጨፍራል፤ ከድርቀት እንደገና የሚወድቁበት ጊዜም ይኸው ነው። እስከዚያ ድረስ የተገደበው ውሃ በዚያን ጊዜ በሐኪሙ ትእዛዝ ይለቀቃል። አሁን ግን ሽንት የለም ብላችሁ ውሃ አታጠጧቸው፤ የሚጠጣ ውሃ የቆመን ኩላሊት አያስነሣም፣ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። ሙዝ፣ ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ የሚመጣ ጠያቂም ካለ በትሕትና መልሱት፤ በፖታሲየም የተሞሉ ናቸው። የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡትም ብዙዎቹ ፖታሲየም ናቸው።

መቼ ተስፋ እንቁረጥ? ሐኪሞች እስከ ሦስት ወር ይጠብቃሉ፤ ከ90 ቀን ካለፈ ጉዳቱ ዘላቂ ነው ብለው ይይዙታል። እናንተ ገና ሦስተኛ ሳምንት ላይ ናችሁ። ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ኩላሊት የመመለስ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም አይመለስም፣ አንዳንዱም በከፊል ብቻ ይመለሳል። የቆየው የደም ግፊታቸው ኩላሊቱን ቀድሞ ጎድቶት ከነበረ ነገሩ ይከብዳል። ያለፉት ዓመታት የክሬያቲኒን ውጤት ቤት ውስጥ ካለ ፈልጊ፤ እንደዚያ ወረቀት ለሐኪሙ የሚጠቅም የለም። ምናልባት ባይመለስና እጥበቱ ቢቀጥልስ? ያን ጊዜም ፊርማሽ ትክክል ነው። ያን ሌሊት በአንድ በኩል የነበረው ማሽን ነው፤ በሌላው በኩል ጤነኛ ኩላሊት አልነበረም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ነገር፦ ወደ ሌላ ሆስፒታል ስትላኩ ማሽኑ ባዶ መሆኑን፣ አልጋም መኖሩን የሚልካችሁ ሐኪም በስልክ አረጋግጦ ይሁን። የፖታሲየም መድኃኒት ከመነሣታችሁ በፊት መሰጠቱን ጠይቁ፤ መንገድ ላይ ልብ አትጠብቅም። የደም ውጤቱን፣ የልብ ምት ምርመራውን ወረቀትና መድኃኒቶቹን በአንድ ከረጢት ያዙ። የመጀመሪያው እጥበት ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ቆሻሻው በአንድ ጊዜ ከወረደ አንጎል ስለሚያብጥ ሆን ተብሎ ያጥራል እንጂ ተሰላችተው አይደለም።

ከሆስፒታል ሲወጡ እነዚያን የጉልበት ማስታገሻዎች ከቤት አውጪልኝ። ለጉልበታቸው ሌላ መፍትሔ ሐኪሙ ይፈልጉላቸዋል። በሦስተኛው ወር ኩላሊቱ ተመልሶም ቢሆን ክሬያቲኒን፣ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት ይታዩ።

ስለ አጎትሽ፦ አትከራከሪያቸው፤ ይህን ዓምድም አታንብቢላቸው፣ ይብስባቸዋል። ከሚቀጥለው እጥበት በፊት የሽንት መለኪያውን፣ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ አቅርቢላቸውና «እኔ ሥራ እየሄድኩ አልችልም፣ እርስዎ ይያዙልኝ» በያቸው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ሚሊሊትሩን በየመስመሩ ይጻፉ። ጠዋት ሐኪሙ ሲመጡም ደብተሩን የሚያሳዩት እሳቸው ይሁኑ።